ፍርስራሹ ታሪክ ነው ወይስ ጌጥ? የፎልአውት ጨዋታዎች ሲነጻጸሩ

«ፎልአውት» የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ተከታታይ ክፍሎች፣ ከ1997 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጦርነት ባሕርዩን ለውጦ እንደማያውቅ በሚናገር የተራኪ ድምፅ ይከፈታሉ። አባባሉ አጭር ነው፤ ለጆሮም ይጥማል፤ ስለዚህ በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ተረትና ምሳሌ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ እንደ ሰሚው ልብ ሁለት ዓይነት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው «ድሮም እንዲህ ነበር፣ ወደፊትም እንዲሁ ይሆናል፤ ምን አደከማችሁ?» የሚል የተስፋ መቁረጥ ትርጉም ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ያስነሣል፦ ጦርነት የማይለወጥ ከሆነ ከጦርነቱ የተረፈው ሰውስ? ከፍርስራሹ ተነሥቶ ምን ይሠራል? የሠራውንስ ማን ይገዛዋል? በማንስ ፈቃድ?

የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ የፎልአውት ክፍሎች በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች ምክንያት ለሁለት የተከፈሉ ናቸው የሚል ነው። በአንደኛው ወገን ያሉት ፍርስራሽን እንደ ታሪክ ይመለከቱታል፤ ታሪክ በመሆኑም ይቀጥላል፤ መንደሩ ከተማ ይሆናል፣ ከተማው መንግሥት ይሆናል፣ መንግሥቱም በተራው ይሳሳታል። በሌላኛው ወገን ያሉት ፍርስራሽን እንደ ጌጥ ይዘውታል፤ ጌጥ ደግሞ መልኩ ሳይለወጥ ተጠብቆ መቆየት አለበት። ተጫዋቾች ለዓመታት «የትኛው ክፍል ይበልጣል?» እያሉ ሲሟገቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ስለ መሣሪያው፣ ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ካርታው ስፋት ነው። ለእኔ ግን ዋናው ልዩነት ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል።

ስለ ሕግ፣ ስለ ምርጫና ስለ ሥልጣን ማንበብ የለመደ ሰው «ደግሞ የልጆች ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው?» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ አኀዝ እንመልከት። አራተኛው ክፍል በ2015 ገበያ ላይ በዋለበት በመጀመሪያው ቀን ለነጋዴዎች የተላከው 12 ሚሊዮን ቅጂ ነበር፤ ዋጋውም ከ750 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ አሳታሚው አስታውቋል። ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው «ሌቫያታን» ያነሣውን ጥያቄ፣ ማለትም መንግሥት በሌለበት ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኖራል የሚለውን፣ በመጽሐፍ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ጨዋታ በኩል መጀመሪያ የሚያገኘው ወጣት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጨዋታው ምን እንደሚያስተምረው መመርመር ለፖለቲካ ጸሐፊም የሚገባ ሥራ ነው።

ላልተጫወተው አንባቢ ዓለሙን በአጭሩ እናስተዋውቅ። የአሜሪካ ባህል በ1950ዎቹ ላይ ቆሞ የቀረበት፣ ነገር ግን በአቶም ኃይል የሚንቀሳቀስ መኪናና ሮቦት የሞላበት ምናባዊ ዓለም ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 2077 የኑክሌር ጦርነት ይፈነዳል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ሁሉ ነገር ያበቃል። ጥቂቶች «ቮልት» በተባሉ የምድር ውስጥ መጠለያዎች ገብተው ይተርፋሉ። ውጭ ከቀሩት መካከል አንዳንዶቹ በጨረር ቆዳቸው ተልጦ ዕድሜያቸው የረዘመ «ጉሎች» ይሆናሉ። ገንዘቡ የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ነው። ተጫዋቹ የራሱን ገጸ ባሕርይ ቀርጾ በዚህ ምድር እንደ ፈቀደ ይዞራል፤ ተኩሶም፣ ተናግሮም፣ ሰርቆም መንገዱን ያበጃል።

ከጭቃ ቤት እስከ ርእሰ ከተማ

በ1997 ከኢንተርፕሌይ ኩባንያ የወጣው፣ ቲም ኬይን የመራው የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው በውሃ ነው። ዘመኑ 2161 ነው፤ ቦታው ደቡብ ካሊፎርኒያ። የቮልት 13ን የውሃ ማጣሪያ የሚቆጣጠረው ቺፕ ይበላሻል፤ ተጫዋቹም በ150 ቀን ውስጥ ምትክ ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ውጭው ዓለም ይላካል። በመጨረሻ የሚገጥመው ጠላት «ማስተር» ይባላል። ማስተር የሰውን ዘር በሙሉ በቫይረስ ለውጬ አንድ ዓይነት ግዙፍ ፍጡር ባደርገው ልዩነት ይጠፋል፣ ልዩነት ከጠፋም ጦርነት ይጠፋል ብሎ ያምናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ጠላት ክፋት ስለሚጥመው ብቻ ክፉ የሚሠራ ጭራቅ አይደለም። የፖለቲካ መርሐ ግብር አለው፤ መርሐ ግብር ስላለውም ሊሞገት ይችላል። ተጫዋቹ እነዚያ ግዙፋን ፍጡራን መካን መሆናቸውን የሚያስረዳ የምርመራ ውጤት ይዞ ቢቀርብና በሚገባ ቢያስረዳው፣ ማስተር የደከመበት ሁሉ ከንቱ መሆኑን ተቀብሎ ራሱን ያጠፋል። በማስረጃ የሚረታ አምባገነን በገሃዱ ዓለም ብርቅ ነው፤ በጨዋታ ዓለም ደግሞ ከዚያም የባሰ ብርቅ ነው።

ከድሉ በኋላ ያለው ፍጻሜ ደግሞ ከድሉ ይልቅ ይከነክናል። ቮልቱን ያዳነው ጀግና ወደ ቤቱ ሲመለስ የመጠለያው ኃላፊ በሩ ላይ ይቀበለውና «አንተን አርአያ አድርገው ወጣቶቹ እንዳይወጡብኝ» በሚል ስጋት ያሰናብተዋል። ያዳነውን ሕዝብ ፊት ሳያይ ወደ በረሃው ይመለሳል። ሥልጣን ከጠላት ይልቅ አርአያን እንደሚፈራ ይህን ያህል አጥር ምጥን አድርጎ ያሳየ ጨዋታ አላውቅም።

በመጀመሪያው ክፍል ሼዲ ሳንድስ የምትባል፣ በጭቃ ቤቶች የተሠራች ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። የመንደሩ መሪ ልጅ ታንዲ በሽፍቶች ትጠለፋለች፤ ተጫዋቹ ሊያስለቅቃት ይችላል። በብላክ አይል ስቱዲዮ ተሠርቶ በ1998 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2241 ይጀምራል። ያቺ መንደር የአዲሲቱ ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ ርእሰ ከተማ ሆናለች፤ ያቺ የተጠለፈች ልጃገረድም በእርጅናዋ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ናት። ታሪክ ማለት ይህ ነው፤ ትናንት የተደረገ ነገር ዛሬ ላይ ፍሬ ሲያፈራ።

ሁለተኛው ክፍል ቀልድ ይበዛበታል፤ አንዳንዱም ቀልድ ለዛ የለውም። ሆኖም የሥርዓቶች ሙዚየም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቮልት ሲቲ የተባለችው ንጹሕና የበለጸገች ከተማ ዜግነት የምትሰጠው ለውጭ ሰው የማይታለፍ ያህል የከበደ ፈተና አዘጋጅታ ነው፤ የከተማዋን የጉልበት ሥራ የሚሠሩትን «አገልጋዮች» ትላቸዋለች እንጂ ባሮች ናቸው። በአቅራቢያዋ ያለው የጉሎች መንደር አሮጌ የአቶም ኃይል ማመንጫ ስላለው የከርሰ ምድር ውሃዋን ይበክላል። ተጫዋቹ ማመንጫውን ቢጠግነው ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ቢያፈነዳው ደግሞ ችግሩ ከነባለቤቶቹ ይጠፋል። ከከተማዋ ሹማምንት መካከል ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጡ መኖራቸው ስለ ንጽሕናዋ ብዙ ይናገራል። የክፍሉ ዋና ጠላት ኤንክሌቭ ደግሞ ከቀድሞው የአሜሪካ መንግሥት የተረፈው ቅሪት ነው፤ እኛ ብቻ ንጹሕ ሰዎች ነን ብሎ የቀረውን ሕዝብ በቫይረስ ለመጨረስ ይዘጋጃል። ሕዝቡን አጥፍቶ መንግሥትነቱን ማስቀጠል የሚፈልግ መንግሥት ነው ማለት ነው።

ጌጡ ሲመጣ

ኢንተርፕሌይ በዕዳ ተይዞ ሲዳከም፣ ቤቴስዳ የተባለው ኩባንያ በ2007 የፎልአውትን ባለቤትነት በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ክፍል መልኩ ፈጽሞ ተለወጠ፤ ከላይ ወደ ታች እናየው የነበረውን ምድር አሁን በገጸ ባሕርዩ ዓይን እናየው ጀመር። ከቮልት 101 የወጣ ተጫዋች ፀሐዩ ዓይኑን አጥበርብሮት፣ ቀስ በቀስም የፈራረሰችው ዋሽንግተን ከሩቅ ስትገለጥለት የሚሰማው ስሜት እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

ነገር ግን ዘመኑን እንይ። 2277 ነው፤ ከጦርነቱ 200 ዓመት በኋላ። በምዕራቡ ጠረፍ ሪፐብሊክ ተመሥርቶ ግብር በሚሰበሰብበት ዘመን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ሰዎች አሁንም በቆርቆሮ ጎጆ ተጠልለው ከጦርነቱ በፊት የታሸገ ምግብ ይለቅማሉ። የእርሻ ማሳ የለም ማለት ይቻላል። ሰባት ትውልድ ያህል ሰው ተወልዶ ሲሞት ወለሉን የጠረገ የለም። ለምን? ፍርስራሹ መታየት ስላለበት ነው። ጎብኚ የሚመጣው ፍርስራሹን ለማየት ነውና ነዋሪው አስተካክሎ እንዳይሠራው ተፈርዶበታል።

ምርጫውም እንደዚያው ለትርኢት የተዘጋጀ ነው። ሜጋተን የምትባለው ከተማ ባልፈነዳ የአቶም ቦምብ ዙሪያ የተሠራች ናት። ተጫዋቹ ቦምቡን ማምከን ይችላል፤ ወይም በግንብ ላይ ተቀምጠው እይታቸው የተበላሸባቸው ባለጸጋ ከተማዋ እንድትጠፋላቸው ስለሚሹ ቆርኪ ተቀብሎ ሊያፈነዳት ይችላል። ይህን መሰል ምርጫ የሥነ ምግባር ፈተና ነው ለማለት ይከብዳል፤ ቅዱስ ወይስ ሰይጣን መሆን ትፈልጋለህ ተብሎ እንደ መጠየቅ ነው። በጃፓን በተሸጠው ቅጂ ላይ ከተማዋን የማፈንዳቱ አማራጭ እንዲወጣ ተደርጓል፤ የሂሮሺማና የናጋሳኪ አገር ነውና የሚገርም አይደለም። የሚያስገርመው፣ አማራጩ ሲወጣ ከጨዋታው ሐሳብ አንዳችም ነገር አለመጉደሉ ነው። የዋናው ታሪክ ፍጻሜም ከዚህ አይለይም፦ የጄፈርሰን መታሰቢያ ላይ የተተከለው ታላቅ የውሃ ማጣሪያ ለሕዝብ ንጹሕ ውሃ ይስጥ ወይስ ይመረዝ? ውሃው ከተጣራ በኋላ ማን ያከፋፍለዋል፣ ለማን ቅድሚያ ይሰጣል፣ ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል የሚሉት እውነተኛ ጥያቄዎች ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ የቀሩ ናቸው። በ2009 በታከለው ተጨማሪ ክፍል ብቻ የውሃው እደላ ነገር በመጠኑ ተነካ።

ለሚዛን ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ ክፍል ውስጥ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የሊንከንን ሐውልት ጭንቅላት ይዘው ወደ መታሰቢያው ለመመለስ የሚታገሉበት ታሪክ አለ፤ ቦታውን የያዙት ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ናቸው። እዚያ ላይ ፍርስራሹ ጌጥ መሆኑ ይቀርና ትዝታ፣ ትዝታውም መብት ይሆናል። ሦስተኛው ክፍል እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሚያበራውን ብርሃን በዋናው ታሪኩ ላይ ቢያበራው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ግድቡ የማን ነው?

ቤቴስዳ የሚቀጥለውን ሥራ ለኦብሲዲያን ስቱዲዮ ሰጠ፤ በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ የጥንቱን ፎልአውት ከሠሩት መካከል ይገኙ ነበር። የተሰጣቸው ጊዜ 18 ወር ያህል ነበር። በ2010 የወጣው «ኒው ቬጋስ» በጆሽ ሶየር መሪነት የተሠራ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚካሄደው በ2281 በሞሃቪ በረሃ ነው፤ ማዕከሉም ሁቨር ግድብ ነው። ግድቡ ዛሬም መብራትና ውሃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈልገዋል። ግድብ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ተፋላሚዎቹ አራት ናቸው፤ አራቱም በቂ ምክንያት አላቸው፤ አራቱም ነውር አለባቸው። አንደኛው የቀድሞዋ የጭቃ መንደር ያፈራችው ሪፐብሊክ ነው። ምርጫ አለው፣ ሕግ አለው፣ ባርነትን ከልክሏል። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ተስፋፍቷል፤ የከብት ከበርቴዎች ፖለቲካውን ይዘውታል፤ በሄደበት ሁሉ ጸጥታና ግብርን አብሮ ያመጣል። ቢተር ስፕሪንግስ በተባለ ቦታ ወታደሮቹ በሚሸሹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ላይ ተኩሰዋል፤ ከተኳሾቹ አንዱ የነበረ ሰው ጸጸቱን ተሸክሞ ከተጫዋቹ ጋር ይጓዛል። የሪፐብሊኩ የስለላ ኃይል አዛዥ የሆነው አረጋዊው ሃንሎን ደግሞ ጦሩ ከማያዋጣ ዘመቻ እንዲወጣ ብሎ የመረጃ ዘገባዎችን በሐሰት ይለዋውጣል። አገሩን ለማዳን አገሩን የሚዋሽ ሰው ነው። ብታጋልጠው ለሕግ ታደርሳለህ፤ ዝም ብትለው ለሰላም ታደርሳለህ። የትኛው ይሻላል? ጨዋታው መልሱን አይነግርህም።

ሁለተኛው የቄሳር ሌጌዎን ነው። መሪው ስለ ጥንታዊት ሮማ ካነበበው ተነሥቶ 86 ነገዶችን በጉልበት አዋሕዷል፤ ባርነትን የመንግሥቱ መሠረት አድርጓል። አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን ዕብድ አይደለም። ቀርባችሁ ብታናግሩት ሪፐብሊኩ ለምን እንደሚወድቅ በሄግል ፍልስፍና እየተነተነ ያስረዳችኋል። ነጋዴዎችም በግዛቱ መንገዶች ላይ ሽፍታ እንደሌለ ይመሰክራሉ። አምባገነንነት ደጋፊ የሚያገኘው በምን እንደሆነ ለመረዳት ይህን ምስክርነት መስማት ያስፈልጋል፤ ክፉውን ሰው ቀንድ አብቅሎ የሚያሳይ ድርሰት ይህን ሊያስተምር አይችልም።

ሦስተኛው ሚስተር ሀውስ ነው፤ ጦርነቱን አስቀድሞ አስልቶ ላስ ቬጋስን ከአብዛኞቹ ሚሳኤሎች ያዳነ፣ ከ200 ዓመት በላይ በመሣሪያ ተደግፎ የኖረ ባለሀብት። የሰውን ልጅ ወደ ጠፈር እመልሰዋለሁ ይላል፤ ይችላልም ይሆናል። ነገር ግን ማንንም አያማክርም፤ በስክሪን ላይ ሆኖ ያዝዛል፣ ሮቦቶቹ ያስፈጽማሉ። አራተኛው መንገድ «ነጻነት» ነው። ተጫዋቹ ከሁሉም ተላቅቆ ከተማዋን ራሱ ይይዛል፤ ረዳቱም «የስ ማን» የተባለ፣ እምቢ ማለት ፈጽሞ የማይችል ሮቦት ነው። ይህ ሽሙጥ የሚገባው ይገባዋል። በነጻነት ስም ሥልጣን የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አማካሪ እምቢ የማይለውን ነው።

የኒው ቬጋስ ትልቅነት ግን በእነዚህ አራት ሰንደቆች ብቻ አይለካም። በትንንሽ መንደሮች ውስጥ ያለውን እንይ። ፕሪም የምትባለው ከተማ ሕግ አስከባሪ ትሻለች፤ አማራጮቹ ሦስት ናቸው፦ ሕግን በራሱ እጅ አስገብቶ የታሰረ የቀድሞ ሸሪፍ፣ የሪፐብሊኩ ጦር፣ ወይም አንድ ሮቦት። ሂሊዮስ በተባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተጫዋቹ መብራቱን ለጦሩና ለቁማር ቤቶቹ፣ ወይም ለድሆቹ ሰፈሮች፣ ወይም ለመላው አካባቢ በእኩል ሊያከፋፍል ይችላል፤ የተደበቀ የጦር መሣሪያም ሊያደርገው ይችላል። በቮልት 34 ውስጥ ደግሞ የታፈኑ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ማስወጣት ማለት የሚያፈሰው ጨረር የገበሬዎቹን ውሃ መበከሉን ይቀጥላል ማለት ነው። ማሳውን ለማዳን ማመንጫውን ብትዘጋ የታፈኑት ይሞታሉ። እዚህ ላይ ቅዱስም ሰይጣንም የለም። የውሃ ክፍፍል አለ፤ ውሳኔ አለ፤ ከውሳኔውም በኋላ የሚከፍል ሰው አለ። ፖለቲካ ሌላ ምንድን ነው?

የሥራው ውስጣዊ አሠራርም ይህንኑ ሐሳብ ይከተላል። በሦስተኛው ክፍል አንድ «ካርማ» የሚባል ሚዛን መልካምና ክፉ ሥራህን ከሰማይ ሆኖ ይመዝን ነበር። በኒው ቬጋስ ካርማው በስም ቢቀርም ዋናው ነገር በእያንዳንዱ ወገን ዘንድ ያለህ ዝና ነው፤ ወዳጅነትህና በደልህም ለየብቻ ይቆጠራሉ። አንዱ ያመሰገነህን ሌላው ያሳድድሃል። መልካምነት ለማን የሚለው ጥያቄ በቁጥር ተተረጎመ ማለት ነው። በመጨረሻም የሌጌዎኑ አስፈሪ አዛዥ ላኒየስ ከግድቡ ላይ ሲገጥምህ፣ አንደበትህ ከበቃ፣ ምዕራቡን ቢይዝ ስንቁም ጦሩም እንደማይበቃውና ሪፐብሊኩን የጣለው መስፋፋት እርሱንም እንደሚጥለው አስረድተህ ልትመልሰው ትችላለህ። ከማስተር በኋላ 13 ዓመት ቆይቶ ክርክር ዳግመኛ ጦርን ሲረታ አየን።

ሕዝብ የሌለው አገር

አራተኛው ክፍል በ2287 በቦስተን ይካሄዳል። የጠፋ ልጁን የሚፈልግ ወላጅ፣ የሚያምር ከተማ፣ የተሻለ ተኩስ አለው። ጥያቄውም ከባድ ነው፦ በኢንስቲትዩት የተፈጠሩት ሰው ሠራሽ ሰዎች ሰዎች ናቸው ወይስ ዕቃ? ግን ይህን ያህል ጥያቄ ያነሣ ሥራ ተጫዋቹን በአራት አጫጭር መልሶች አጠረው፤ ብዙውን ጊዜም አራቱ ልዩነታቸው በድምፅ ቃና ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የኢንስቲትዩቱ ነገር ነው። ተጫዋቹ ወገኑን ከመረጠ የተቋሙ ዋና ኃላፊ ሆኖ ይሾማል፤ ከተሾመ በኋላም ሰዎችን አፍኖ በአምሳላቸው የመተካቱን ሥራ አቁሙ ብሎ ማዘዝ አይችልም። የማይወስን ሥልጣን ማለት ይህ ነው። በዚያው አገር ከዓመታት በፊት መንግሥት ለመመሥረት ጉባኤ ተጠርቶ ተወካዮቹ እንደተገደሉ ይተረካል፤ ተጫዋቹ ጠላቶቹን ሁሉ ድል ካደረገ በኋላ እንኳ ያንን ጉባኤ መልሶ መጥራት አይቻለውም።

«መንደር መሥራት ይቻላል እኮ» የሚል ተከራካሪ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አልጋ፣ የውሃ ፓምፕና የጥበቃ መትረየስ መትከል ይቻላል። ነገር ግን በዚያ መንደር የሚሰፍሩት ሰዎች ስም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ አይከራከሩም፣ አይመርጡም፣ አይቃወሙም። አልጋቸው ከተቆጠረና ውሃቸው ከሞላ ደስተኞች ናቸው። ሕዝብን እንዲህ የሚያይ አስተዳዳሪ በገሃዱ ዓለም ሞልቶናል፤ በጨዋታ ውስጥ ሌላ መጨመር አላስፈለገም ነበር።

የዚህ መንገድ መድረሻ የ2018ቱ «ፎልአውት 76» ሆነ። ብዙ ተጫዋቾች በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚጫወቱበት ይህ ክፍል ሲወጣ፣ ከተጫዋቾቹ በቀር በምድሩ ላይ የሚናገር ሕያው ሰው አልነበረበትም፤ የቀሩት ሮቦቶችና የሙታን የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ። ፍርስራሹ በመጨረሻ ንጹሕ ጌጥ ሆነ፤ ነዋሪ የለበትም። ይባስ ብሎም ተጫዋቾች የማስወንጨፊያ ቁልፎችን አግኝተው በአገሩ ላይ የኑክሌር ሚሳኤል ይተኩሳሉ፤ የሚተኩሱትም ከጨረሩ አካባቢ የሚገኘውን ብርቅ ቁሳቁስ ለመልቀም ነው። በ1997 የዓለም ፍጻሜ የነበረው ነገር የመኸር መሰብሰቢያ ሆነ። አሳታሚው በኤፕሪል 2020 ሰዎችን መልሶ አስገባ፤ ክፍሉም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ሆኖም ሰው አልባ ሆኖ መውጣቱ የአመለካከቱ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

መቃወሚያዎች

ለኒው ቬጋስ ጠበቃ መቆም ማለት ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ሲወጣ በፕሮግራም ስህተት የተሞላ ነበር። የሌጌዎኑ ግዛት በወሬ እንጂ በዓይን አይታይም፤ በዚህም የተነሣ የቄሳር ወገን ከሌሎቹ ይልቅ ስስ ሆኗል። በየአቅጣጫው እየተንከራተቱ ያልታሰበ ነገር ማግኘትን የሚወድ ሰው ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ክፍል ቢመርጥ ምክንያት አለው። የተቺዎችም ሚዛን ሥራውን ሙሉ በሙሉ አላነሣውም፤ ሜታክሪቲክ ላይ ያገኘው አማካይ ውጤት 84 ሲሆን፣ ለሠሪዎቹ ቃል የተገባው ጉርሻ 85 ቢደርስ ኖሮ የሚከፈል እንደነበር ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን በ2012 ገልጿል። በአንድ ነጥብ ጉርሻው ቀረ። ዛሬ ግን ከ15 ዓመት በላይ አልፎትም ተጫዋቾች ስለ ፍጻሜው የሚሟገቱለት ክፍል ይኸው ነው፤ የሚያሟግታቸውም መሣሪያው ሳይሆን ሃንሎን፣ ግድቡና ግብሩ ነው።

ሌላው መቃወሚያ «ይህ የጥፋት ዓለም ታሪክ ነው፤ ጥፋቱ ከተጠገነ ምን ቀረ?» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ከላይ ያነሣሁትን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። ጥፋቱ ሲጠገን የሚቀረው ፖለቲካ ነውና። ሁለተኛው ክፍልና ኒው ቬጋስ፣ ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ ያለው ጥያቄ ከሽፍታና ከጭራቅ ይልቅ እንደሚያስጨንቅ አሳይተዋል።

ጉዳዩ ያለፈ ሙግት ብቻም አይደለም። ማይክሮሶፍት ኦብሲዲያንን በ2018 ገዛ፤ የቤቴስዳን ባለቤት ኩባንያ ደግሞ በ2020 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አስታውቆ በ2021 ጠቀለለው። ሁለቱም መንገዶች ዛሬ በአንድ ባለቤት እጅ ናቸው። በ2024 በአማዞን በኩል የቀረበው የፎልአውት ተከታታይ ፊልም ከፍተኛ ተመልካች አግኝቷል፤ በጥሩ ተዋንያን የተሠራም ነው። ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ሼዲ ሳንድስ በኑክሌር ቦምብ ወድማለች። የጭቃ መንደሯ፣ የታንዲ ከተማ፣ በሁለት ጨዋታዎችና በ80 የትረካ ዓመታት የተገነባችው ርእሰ ከተማ ጉድጓድ ሆናለች። ፊልሙ ለጥፋቱ በቂ ሰበብ ይሰጣል፤ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ተፎካካሪ ሥልጣኔን እንደማይታገሥ ያሳያል። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ ፍርስራሹ እንደ ገና ፍርስራሽ ይሆናል፣ ጎብኚውም የለመደውን ያገኛል።

መንግሥት ሲፈርስ አይተናል የሚል ሰው ስለ መፍረስ ብቻ በሚያወራ ጥበብ አይማረክም፤ ፍርስራሽን የሚያደንቀው በሩቅ የቆመ ሰው ነው። በውስጡ የሚኖር ሰው ግን የሚጠይቀው ውሃው መቼ ይመጣል፣ ዳኛው ማን ነው፣ ግብሩ ስንት ነው፣ የተገደለውስ ሰው ደም የት ደረሰ የሚለውን ነው። ከፎልአውት ክፍሎች መካከል ለእነዚህ ጥያቄዎች ጆሮ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶችም የተራኪውን አባባል ሳይክዱት አልፈውታል። ጦርነት ላይለወጥ ይችላል። በሁለት ጦርነቶች መካከል ባለው ጊዜ ግን አንዲት የተጠለፈች ልጅ አድጋ ሪፐብሊክ ልትመራ ትችላለች። ስለ ፍጻሜ ዘመን የሚጻፍ ማንኛውም ነገር፣ ጨዋታም ይሁን ፊልም ወይም ልብ ወለድ፣ የዚያችን ልጅ ዕድሜ ካልቆጠረ ግማሹን ብቻ ነግሮናል።